የካርቡሬተር ጄትን በቤት ውስጥ መለካት፣ ማስፋትና ማጥበብ፦ ደጋና ቆላ ለሚመላለስ ሞተር ብስክሌት

መግቢያ

በባሕር ጠረፍ በሚገባ ተስተካክሎ የሚሠራ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ብስክሌት አዲስ አበባ ሲደርስ፣ አንድም አካሉ ሳይሰበር ጠባዩ ይለወጣል። ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ የነዳጅ መስጫ እጀታው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ያጓራል እንጂ አይፈጥንም፤ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ካንዴላውም በጥላሸት ይሸፈናል። ባለቤቱ ካንዴላ ይለውጣል፣ ቤንዚኑን ይጠራጠራል፣ ከጋራዥ ጋራዥ ይዞራል። ሁሉም ተመርምሮ ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ ግን ምክንያቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ካላት ቀዳዳ ላይ ይወድቃል። ይህች ቀዳዳ ያለችበት ትንሽ የናስ ብሎን በመካኒኮች ዘንድ ጄት ተብላ ትጠራለች።

ትክክለኛው መፍትሔ ለከፍታው የሚስማማ፣ በፋብሪካ የተሠራ ጄት ገዝቶ መለወጥ ነው። የሚፈለገው ቁጥር በገበያ ካልተገኘ ግን በእጅ ያለውን ጄት በቀላል መሣሪያ ማስተካከል የተለመደ አማራጭ ነው። አማራጩ የሚነቀፍ አይደለም፤ የሚነቀፈው ሳይለኩ መቆፈር ነው። ቀዳዳዋ ከሚገባው በላይ ብትሰፋ ቤንዚን ይባክናል፤ ከሚገባው በላይ ብትጠብ ደግሞ ፒስቶኑ ሊቃጠል ይችላል። ሞተር ብስክሌቱ የቤተሰብ መተዳደሪያ ለሆነበት ሰው ሁለተኛው ስሕተት የወራት ገቢን የሚያሳጣ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጄት የሚሠራበትን መርህ፣ ከፍታ በድብልቁ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥና ቀዳዳዋን በቤት ውስጥ የማስተካከያውን ዘዴ ማብራራት ነው። በጽሑፉ ውስጥ እንደሚታየው የሥራው ዋና ክፍል መቆፈሩ ሳይሆን መለካቱ ነው፤ ለመለካትም አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ቀጭን ጎማና አንድ ሰዓት ይበቃሉ።

ጄት ምን ይሠራል?

ካርቡሬተር የሞተሩ መሳብ የሚያመጣውን አየር በጠባብ ጉሮሮ ያሳልፋል። አየር በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ደግሞ ይቀንሳል። ይህ በፈሳሾች ፍጥነትና ግፊት መካከል ያለ ዝምድና በስዊዘርላንዳዊው ሊቅ ዳንኤል በርኑሊ መጽሐፍ በ1738 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ነው። ከጉሮሮው በታች ባለው ትንሽ ሳህን ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን በውጭው አየር ግፊት ሥር ስለሚገኝ፣ ግፊቱ ወደ ቀነሰበት ጉሮሮ ይገፋል። በመንገዱ ላይ የቆመችውና መጠኑን የምትወስነው ጄት ናት። በዚህ መንገድ ቤንዚንን በቀጭን ቀዳዳ እየረጨ ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ጀርመናዊው መሐንዲስ ቪልሄልም ማይባህ በ1893 እ.ኤ.አ. ሠርቶታል፤ መሠረታዊ አሠራሩም እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

በአንድ የሞተር ብስክሌት ካርቡሬተር ውስጥ የሚገኘው ጄት አንድ ብቻ አይደለም። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራና እጀታው ጥቂት ብቻ ሲከፈት ቤንዚኑን በዋናነት የምትሰጠው ትንሿ ጄት ናት። እጀታው ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ በሚከፈትበት ጊዜ መጠኑን የሚወስነው ከላይ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄደው መርፌ ነው። ዋናዋ ጄት ሙሉ በሙሉ የምትገዛው ከሦስት ሩብ በላይ ያለውን ክፍል ነው። ስለዚህ ችግሩ በየትኛው የእጀታ ክፍት ላይ እንደሚታይ ሳይለዩ ዋናዋን ጄት መንካት የተሳሳተ በር እንደማንኳኳት ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚመለከተው ዋናዋን ጄት ነው።

በጄት ራስ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ብዙ ጊዜ የቀዳዳዋን ዲያሜትር በሚሊ ሜትር መቶኛ ያመለክታል፤ 100 የሚል ቁጥር ያላት 1.00 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አላት ማለት ነው። ሆኖም ሁሉም አምራቾች በዚህ አይስማሙም። አንዳንዶቹ ቁጥሩን የሚሰጡት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በሚያልፈው ፈሳሽ መጠን ነው። በዚህም የተነሣ የአንዱ አምራች 100 ከሌላው አምራች 100 ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። ይህ ነጥብ ኋላ ለሚመጣው የልኬት ዘዴ መሠረት ነው።

ከፍታ ድብልቁን ለምን ይለውጣል?

አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ከዚህ መጠን ይልቅ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ወፍራም፣ ቤንዚን ያነሰበት ደግሞ ስስ ይባላል። ሞተር ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በጥቂቱ በወፈረ፣ ማለትም ከ12.5 እስከ 13 ኪሎ ግራም አየር ለአንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚደርስበት ድብልቅ ነው።

ካርቡሬተር የአየሩን ክብደት አይመዝንም፤ የሚያውቀው የግፊቱን ልዩነት ብቻ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል፤ የቤንዚኑ እፍጋት ግን አይለወጥም። በአንድ ዓይነት የግፊት ልዩነት የሚያልፈው የአየር ክብደት ከአየሩ እፍጋት ዳግም ዘር ጋር አብሮ ሲቀንስ፣ የቤንዚኑ መጠን እንዳለ ይቀራል። ውጤቱም ድብልቁ በከፍታው ልክ መወፈሩ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በዓለም አቀፉ መደበኛ የከባቢ አየር ሰንጠረዥ መሠረት፣ አዲስ አበባ በምትገኝበት ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 0.79 ያህል ነው። የዚህ ዳግም ዘር 0.89 ይሆናል። ስለዚህ ለባሕር ወለል የተዘጋጀች ጄት በአዲስ አበባ ከ12 እስከ 13 በመቶ የወፈረ ድብልቅ ትሰጣለች። ይህን ለማረም የቀዳዳዋ ስፋት በ11 በመቶ መቀነስ አለበት። የክብ ስፋት ከዲያሜትሩ ዳግም ርቢ ጋር ስለሚዛመድ፣ በ11 በመቶ ያነሰ ስፋት የሚገኘው ዲያሜትሩ በ6 በመቶ ብቻ ሲቀንስ ነው። ባሕር ወለል ላይ 1.00 ሚሊ ሜትር የነበረችው ቀዳዳ አዲስ አበባ ላይ 0.94 ሚሊ ሜትር ትሆናለች ማለት ነው።

በዚሁ መንገድ ሲሰላ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለምትገኘው ድሬዳዋ 0.97፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ለምትገኘው ባሕር ዳር 0.96፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ለምትገኘው ደብረ ብርሃን ደግሞ 0.93 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ቁጥሮቹ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደሉም፤ የአየሩ ሙቀትና የካርቡሬተሩ ዓይነት ውጤቱን በጥቂቱ ያዛንፉታል። ዋናው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፦ ከባሕር ወለል እስከ ደብረ ብርሃን ያለው ልዩነት በሙሉ በአንድ ሚሊ ሜትር ሰባት መቶኛ ውስጥ ተጠቃሎ ይገባል። የሰው ጠጉር ውፍረት እንኳ ብዙ ጊዜ ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

ጄቷን ከመንካት በፊት

ድብልቅን የሚያወፍረው ከፍታ ብቻ ስላልሆነ፣ ጄቷ ከመፈታቷ በፊት ሌሎች ምክንያቶች ሊመረመሩ ይገባል። አቧራ የጠጣ የአየር ማጣሪያ አየሩን አፍኖ ድብልቁን ያወፍራል። ለጠዋት ማስነሻ የሚሳበው የአየር መዝጊያ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። በቤንዚን ሳህኑ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከልኩ በላይ ሲቆም የቤንዚኑ ከፍታ ይጨምራል። መርፌውና መርፌው የሚወርድበት ቀዳዳ ብዙ ኪሎ ሜትር በተነዳበት ብስክሌት ላይ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ክፍተታቸው ይሰፋል፤ በመካከለኛ ፍጥነት የሚታየው ብክነትም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ችግር ሆኖ ሳለ ጄቷን ማጥበብ አንዱን ስሕተት በሌላ ስሕተት መሸፈን ነው፤ የተደፈነው ማጣሪያ በተለወጠ ማግስት ድብልቁ ከልክ በላይ ይሳሳል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የመጀመሪያዋን ጄት አለመንካት ነው። ሥራው የሚሠራው ከአሮጌ ካርቡሬተር በተገኘች ወይም በርካሽ በተገዛች ተመሳሳይ ጄት ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ጄት ሳትነካ ከተቀመጠች ሁለት ጥቅም ትሰጣለች፦ ሥራው ቢበላሽ መመለሻ ትሆናለች፤ በልኬቱም ጊዜ ማነጻጸሪያ ትሆናለች።

ሦስተኛው ጥንቃቄ እሳት ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ ተንጣሎ ከሩቅ እሳት ሊደርስ ይችላል። ከሰል በተቀጣጠለበት ወይም ምድጃ በሚነድበት ቤት ውስጥ ካርቡሬተር መፍታት አይገባም። የመፍታቱ ሥራ በግቢ፣ በአየር መካከል፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘና የቤንዚኑ መዝጊያ ከተዘጋ በኋላ ሊከናወን ይገባል። ወደ ቤት የምትገባው ታጥባ የደረቀችው ጄት ብቻ ናት።

በጠርሙስና በሰዓት መለካት

የአንድ ሚሊ ሜትር ቀዳዳን ዲያሜትር በተራ ካሊፐር መለካት አይቻልም፤ የካሊፐሩ ጫፍ ወደ ውስጥ አይገባም። በልኩ የታወቀ ሽቦ ወይም ፑንታ እያስገቡ መሞከር ይቻላል። የሽቦን ውፍረት ለማወቅም ሽቦውን በእርሳስ ላይ 20 ጊዜ አጠጋግቶ ጠምጥሞ፣ የጥምጥሙን ርዝመት በማስመሪያ ለክቶ ለ20 ማካፈል በቂ ነው፤ ጥምጥሙ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ሽቦው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ለትንሿ ጄት ደግሞ ውፍረታቸው በማሸጊያቸው ላይ የተጻፈ የጊታር ክሮች ጥሩ መለኪያ ይሆናሉ።

ነገር ግን ዲያሜትር ብቻውን ሙሉውን አይናገርም። የቀዳዳዋ አፍ ስለታም ወይም የተሞረደ መሆኑ፣ ውስጧ ለስላሳ ወይም የተቧጨረ መሆኑ በእኩል ዲያሜትር የሚያልፈውን ፈሳሽ ይለዋውጣል። ሞተሩ የሚፈልገው የተወሰነ ዲያሜትር ሳይሆን የተወሰነ ፍሰት ስለሆነ፣ መለካት ያለበት ፍሰቱ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ባለ ሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ጄቷን አጥብቆ የሚይዝ ቀጭን የቤንዚን ጎማና የእጅ ስልክ ሰዓት ነው። የጠርሙሱ ቂጥ ተቆርጦ ጠርሙሱ በአፉ ወደ ታች ይሰቀላል፤ ጎማው በክዳኑ ውስጥ ተሰክቶ እንዳያፈስ ይታሸጋል። ጄቷ በጎማው ታችኛ ጫፍ ትሰካለች፤ ውሃው የሚገባው በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑ በሚገባበት ጎን መሆን አለበት። በጠርሙሱ ላይ 200 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት መስመሮች ይሰመራሉ፤ የመስመሮቹ መካከል ከጄቷ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለቱ ጥሩ ነው። ጎማው ውስጥ የአየር አረፋ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ንጹሕ ውሃ ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ ይያዛል። ልኬቱ ሦስት ጊዜ ተደግሞ አማካዩ ይወሰዳል።

በእነዚህ ልኮች 1.00 ሚሊ ሜትር የሆነች ጄት ከሁለት ደቂቃ ጥቂት በለጥ ያለ ጊዜ ትወስዳለች። ትክክለኛው ቁጥር ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፤ ይህ ግን ዘዴውን አያበላሸውም። የሚፈለገው ማነጻጸር ነውና፣ ጠርሙሱ፣ ጎማው፣ ከፍታውና የውሃው ሙቀት እስካልተለወጡ ድረስ የሁለት ጄቶች ጊዜ የፍሰታቸውን ልዩነት በቀጥታ ያሳያል። ለምሳሌ ለባሕር ወለል የተሠራችው ጄት 140 ሰከንድ ከወሰደች፣ ለአዲስ አበባ የምትሆነው 140 ለ0.89 ተካፍሎ 157 ሰከንድ ገደማ መውሰድ አለባት። በእጅ ሰዓት ሲያዝ የሚፈጠረው ስሕተት ከአንድ ሰከንድ ብዙም ስለማይበልጥ፣ 17 ሰከንዱ ልዩነት ማንም ሊስተው የማይችል ነው። በዚህ መንገድ ካሊፐር ሊያየው ያልቻለው ስድስት መቶኛ ሚሊ ሜትር በተራ ሰዓት ይታያል። ከዚያ ወዲያ የሥራው ግብ ዲያሜትር ሳይሆን 157 ሰከንድ ይሆናል። ትንሿ ጄት ግን ቀዳዳዋ እጅግ ጠባብ ስለሆነ የውሃ ልኬቱ ለእርሷ አስተማማኝ አይደለም።

ማስፋት

ከደጋ ወደ ቆላ ለሚወርድ፣ ወይም አየር ማጣሪያውና ጭስ ማውጫው በበለጠ በሚያስተነፍስ ለተተካ ብስክሌት ቀዳዳዋን ማስፋት ሊያስፈልግ ይችላል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚንም ተመሳሳይ ፍላጎት ያመጣል፤ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ነዳጅ ከንጹሕ ቤንዚን ይልቅ ድብልቁን ወደ 4 በመቶ ያሳሳዋል።

ለማስፋት የሚያገለግሉት በቁጥር የሚጠሩት ቀጫጭን ፑንታዎች ናቸው። ቁጥር 64 የሆነው 0.914፣ ቁጥር 63 የሆነው 0.940፣ ቁጥር 62 የሆነው 0.965፣ ቁጥር 61 የሆነው 0.99 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ከሌላው በኢንች አንድ ሺኛ ስለሚለይ፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ላይ አንድ ቁጥር መዝለል ስፋቱን 5 በመቶ ያህል ይለውጣል። ፑንታው በትራፓኖ ላይ ፈጽሞ አይገጠምም። ናስ ለስላሳ በመሆኑ ሞተር ያለው መሣሪያ ፑንታውን በቅጽበት ስቦ ቀዳዳዋን ያጣምማታል፤ ቀጭኑን ፑንታም ይሰብረዋል። ሰዓት ጠጋኞችና ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙባት፣ ፑንታ ይዛ በጣት የምትዞር ትንሽ መያዣ ለዚህ ሥራ ተመራጭ ናት። ጄቷ በጨርቅ ተጠቅልላ ትያዛለች፤ ፑንታው በጠብታ ዘይት ርሶ፣ ያለ ግፊት፣ በቀስታ ይዞራል፤ በየጥቂት ዙሩም ወጥቶ ይጸዳል።

የጋዝ ብየዳ ሠራተኞች የችቦ አፍ የሚያጸዱባቸው ጥርስ ያላቸው ሽቦዎችም ብዙ ጊዜ ለዚህ ይውላሉ። እነዚህ ግን በመሠረቱ ሞረድ በመሆናቸው ቀዳዳዋን ያቧጭሩታል፤ አንዱን ጎን ከሌላው አብልጠው ሊበሉም ይችላሉ። ሌላ ነገር ከጠፋ ብቻ፣ በየሁለትና ሦስት ምልልሱ በጠርሙሱ እየለኩ መጠቀም ይቻላል። የተዘጋ ጄት በመርፌ ወይም በብረት ሽቦ መጎርጎርም ሳያስቡት የማስፋት ሥራ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ማጥበብ

ደጋማ አገር የሚኖረው ነጂ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ማጥበብ ነው፤ መቆፈሪያ ግን የሚያሰፋ እንጂ የሚያጠብ መሣሪያ አይደለም። ስለዚህ በቤት የሚሠራው ማጥበብ ሁለት ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ መድፈን፣ ቀጥሎ እንደገና መክፈት።

ለመድፈን የሬዲዮ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ያገለግላል። ይህ ቅይጥ 183 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ መቅለጥ ስለሚጀምር በካውያ ይቀልጣል፤ በካርቡሬተሩ ሳህን ውስጥ ግን ሙቀቱ ከዚህ እጅግ የራቀ ስለሆነ ሥራ ላይ አይቀልጥም፤ ቤንዚንም አያሟሟውም። ጄቷ ከማንኛውም የቤንዚን ርዝራዥ ታጥባ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለባት። ቀዳዳዋ በእንጨት ስንጥርና በመወልወያ ታሽታ ናሱ እንዲያበራ ከተደረገ በኋላ፣ የብየዳ ማጣበቂያ ቅባት ተቀብቶ ጄቷ በፒንሳ ተይዛ ትሞቃለች። ቅይጡ ጄቷ በበቂ ከሞቀች በራሱ ወደ ቀዳዳዋ ይሳባል፤ ሳይሳብ ከላይ ተድቦልቡሎ ከቀረ አልያዘም ማለት ነውና ሥራው ይደገማል። በቅይጡ ውስጥ እርሳስ ስላለ በመስኮት አጠገብ መሥራትና ከሥራው በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

እንደገና የመክፈቱ ሥራ የሚጀመረው ከሚፈለገው በሚያንስ ፑንታ ነው። ለ0.94 ሚሊ ሜትር ግብ ከ0.90 መነሣት ተገቢ ነው። ቀዳዳው ከመሐል እንዳይወጣ የቀድሞው አፍ እንደ መሪ ያገለግላል። ከዚያም ጄቷ ታጥባ በጠርሙሱ ትለካለች፤ ጊዜዋ ከግቡ የበለጠ ከሆነ በጥቂቱ ተከፍታ እንደገና ትለካለች። ቅይጡ ከናስ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ እጅን መቆጠብ ይገባል። ከግቡ ካለፈ ግን ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ቀዳዳዋ እንደገና ትደፈናለች።

ከዚህ የቀለለ፣ ለመንገድ ላይ ችግር የሚውል ሌላ ዘዴም አለ። አንድ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በቀዳዳዋ ውስጥ አልፎ ሁለቱም ጫፎቹ ይታጠፋሉ። በ1.00 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ የገባ 0.30 ሚሊ ሜትር ሽቦ ከስፋቱ 9 በመቶ ይይዛል። ሽቦው ራሱ የቤንዚኑን ጉዞ ስለሚያውክ ፍሰቱ ከተሰላው በላይ ሊቀንስ ይችላል፤ ጫፉ ከተቆረጠም ወደ ሞተሩ ሊሳብ ይችላል። ስለሆነም ጊዜያዊ መላ እንጂ ዘላቂ ጥገና አይደለም።

በሞተሩ ላይ መፈተን

በጠርሙስ የተስማማች ጄት የመጨረሻ ፍርዷን የምታገኘው በሞተሩ ላይ ነው። እዚህ ላይ ያለው ሕግ ከወፍራሙ ወገን መጀመር ነው። ወፍራም ድብልቅ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ቤንዚን ያባክናል፣ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያበዛል፤ በአንድ ቀን ግን ሞተር አይገድልም። ስስ ድብልቅ ግን የሲሊንደሩን ሙቀት ከፍ አድርጎ የፒስቶኑን ራስ ሊያቀልጥ ወይም ቫልቮቹን ሊያቃጥል ይችላል። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ በሚገባበት ባለ ሁለት ምት ሞተር አደጋው እጥፍ ነው፤ ቤንዚን ሲቀንስ ማለስለሻውም አብሮ ይቀንሳልና። ስለዚህ ስሌቱ 11 በመቶ ቢልም፣ መጀመሪያ 6 በመቶ ብቻ የጠበበች ጄት ሠርቶ መሞከርና ከዚያ ወደ ሁለተኛዋ መሻገር ብልህነት ነው።

ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ ነጻ በሆነ ዳገት ላይ እጀታው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ጥቂት ይነዳል፤ ከዚያም ክላቹ ተይዞ ሞተሩ በዚያው ይጠፋል። ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ድብልቁ ወፍራም ነው፤ በመካከሉ ያለው ነጭ ሸክላ ቀላል ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ተስማምቷል፤ እንደ ኖራ ከነጣ ስስ ነው። እርሳስ በሌለበት ዘመናዊ ቤንዚን ቀለሙ ደብዘዝ ስለሚል፣ የነጂው ስሜትም ይታከልበታል፦ እጀታው ከሙሉ ወደ ሰባት ስምንተኛ ሲመለስ ሞተሩ ጉልበት ከጨመረ፣ ጄቷ ጠባብ ስለሆነች ድብልቁ ስስ ነው ማለት ነው፤ ሥራውም ቆሞ ወደ ቀድሞዋ ጄት መመለስ ይገባል።

የመጨረሻው ጥያቄ ብስክሌቱ የት ይውላል የሚለው ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር አልፎ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ነጂ በአንድ ቀን ጉዞ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይሄዳል። ለደብረ ብርሃን በትክክል የተዘጋጀች ጄት ሸዋ ሮቢት ላይ 7 በመቶ ያህል የሳሳ ድብልቅ ትሰጣለች። መነሻዋ በጥቂቱ የወፈረ ከነበረ ይህን ትችለዋለች፤ ደብረ ብርሃን ላይ እስከ ጫፍ ድረስ የጠበበች ከሆነች ግን በቆላው ሙቀት፣ በሙሉ ጭነት፣ ሞተሩን ለአደጋ ታጋልጣለች። ስለዚህ ደጋና ቆላ የሚመላለስ ብስክሌት ጄቱ የሚስተካከለው ለጉዞው ዝቅተኛ ቦታ እንጂ ለከፍተኛው አይደለም፤ ደጋ ላይ የሚባክነው ጥቂት ቤንዚን ለሞተሩ ደኅንነት የሚከፈል ዋጋ ነው።

ማጠቃለያ

የካርቡሬተር ጄትን በቤት ውስጥ ማስተካከል የሚቻል ሥራ ነው፤ የሚጠይቀውም ውድ መሣሪያ ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው። ሌሎች ምክንያቶች አስቀድመው ይመረመራሉ፤ የመጀመሪያዋ ጄት ሳትነካ ትቀመጣለች፤ ለከፍታው የሚስማማው ፍሰት ይሰላል፤ ተለዋጯ ጄት ትደፈናለች ወይም ትሰፋለች፤ በየደረጃውም በጠርሙስና በሰዓት ትለካለች፤ በሞተሩ ላይ የሚደረገው ፈተና ከወፍራሙ ወገን ይጀምራል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ልኬቱ ነው፤ ፒስቶን የሚያቃጥለውም ይኸው መዘለሉ ነው። በውሃ ጠርሙስ አጠገብ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ከሚያድነው የሞተር ጥገና ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። የተለካችዋ ጄት ጊዜዋና የተዘጋጀችበት ቦታ በወረቀት ተጽፎ ከመለዋወጫዎቹ ጋር ቢቀመጥ፣ በሚቀጥለው የቆላ ወይም የደጋ ጉዞ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው አይጀመርም።